ከወይራው ሦስተኛዋ

«ድንጋይ! ትንንሽ መሙያ ድንጋይ አምጡልኝ፣ ሲሚንቶው ሊደርቅብኝ ነው!»

አጎቷ ከመቃብሩ ግቢ ካብ ላይ ሆኖ ሲጮህ ፌንጣ የእጅ ጋሪዋን ገና ገልብጣ ወገቧን ይዛ ቆማ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ጋሪ ስትገፋ ውላ መዳፏ ውሃ ቋጥሯል። ቢሆንም አጎቷ «ሊደርቅብኝ ነው» ካለ ማረፍ የሚባል ነገር የለም፤ ግንበኛ ነውና ከሰው ይልቅ ለሲሚንቶ ያዝናል።

«ፌንጣ» የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው፣ ሕፃን ሳለች አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆንላት ቢል። አሁን አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት በቁመት እናቷን በልጣለች፣ ስሙ ግን እንደተለጠፈባት ቀረ።

«ነይ፣ ወይራው ሥር አይቻለሁ» አለ ዲጄ። የአክስቷ ልጅ ነው፤ በዕድሜ በአንድ ዓመት ይበልጣታል፣ በወሬ ግን በአሥር።

ወይራው የቆመው መቃብሩ ታችኛው ጥግ ላይ ነው። ሣሩን ገለጥ ሲያደርጉት አምስት ድንጋዮች በአንድ መስመር ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው አንድ ዳቦ ያካክላሉ። ድቡልቡል ናቸው፣ ከኮረብታው ጥርሳም ድንጋይ ጋር ምንም አይመሳሰሉም። ፌንጣ ጎንበስ ብላ አየቻቸው።

«የተደረደሩ ይመስላሉ እኮ።»

«አዎ፣ ለኛ ብለው ደርድረውልናል። በይ አንሺ፣ ሰውዬው ሊያብድ ነው!»

ሳቀችና አነሳች። ሦስቱን እሷ፣ ሁለቱን እሱ ይዘው ሮጡ። አጎቷ ተቀብሎ እያገላበጠ አያቸውና «አቤት ሲያምሩ! ከየት አመጣችኋቸው?» አለ። መልሱን ግን አልጠበቀም። በሩ አጠገብ በትልልቆቹ ድንጋዮች መሐል ባሉት ክፍተቶች አንድ በአንድ ከቷቸው በግንበኛ ማንኪያው ዙሪያቸውን በሲሚንቶ ለሰነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አይቻልም፦ ፌንጣ ሕጉን ታውቅ ነበር። ቦታው የአባቷ ቤተሰብ መቃብር ነው። ከኮረብታው ላይ የነበረው የአያት ቅድመ አያቷ ቤት ፈርሶ የቀረው የበሩ ደፍ ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ወደየመንደሩና ወደየከተማው ከተበተነ ቆይቷል። መቃብሩን እሾህ ዋጠው፣ ካቡ ተናደ፣ ከብት ገብቶ ይተኛበት ጀመር። ዘንድሮ ነው አባቷና ጥቂት ጎረቤቶች «እንዲህስ ሆኖ አይቀርም» ብለው ቅዳሜ ቅዳሜ ማጽዳት የጀመሩት። ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ አስተማሪም፣ መንደሩ በሙሉ «ቲቸር» የሚለው ሰው፣ የእያንዳንዱን መቃብር ቦታ በካርታ ላይ ሊያሰፍር ተነሣ። የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ሰብስቦ የተናገረው አንድ ነገር ነበር፦ «ፎቶ ሳይነሣና ቁጥር ሳይሰጠው ከዚህ ግቢ አንድ ጠጠር የሚነካ ሰው ከኔ ጋር ተጣልቷል።»

ፌንጣ ግን ሕጉ ጽሑፍ ላለባቸው ድንጋዮች ብቻ መስሏት ነበር። ወይም እንዲመስላት ፈልጋ ነበር። ቲቸር ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ደርሷል፤ ወይራው ጋ ሊደርስ ገና አንድ ቅዳሜ ይቀረዋል።

ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትልቋ እማማ ዘንድ ጎራ ማለት የፌንጣ ሥራ ነው። ትልቋ እማማ የሴት አያቷ እህት ናቸው። ዓይናቸው ከጥላ በስተቀር ስለማያይ የእግር ጥፍራቸውን የምትቆርጥላቸው እሷ ናት። ክፍላቸው አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና ዳንቴል የለበሰ ሬዲዮ ይዛ ሞልታለች። ሬዲዮው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ዳንቴሉ ግን በየሳምንቱ ይታጠባል።

«ቅዳሜ ይሸከሙኛል አሉ!» አሉ ትልቋ እማማ፣ አንዱን እግራቸውን ለፌንጣ ሰጥተው ሌላውን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክረው። «በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሙሽራ! ካልወጣሁ እኮ ስንት ዓመቴ መሰለሽ። ጉልበቴ ከከዳኝ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈኝ።»

«አራት ሰው ነው የሚሸከምዎ። አባቴ ከፊት ነው።»

«አባትሽማ ይጥለኛል፣ ከኋላ አድርጉት» አሉና ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ወደ መስኮቱ ዞረ። «ያን ጊዜ ኮረብታው ላይ ሰው ነበር፣ ልጄ። ጠዋት በሩ ሲከፈት የሚያሰማው ሲጥጥታ እስከ ወንዙ ድረስ ይሰማል። ውሃ ልንቀዳ የወረድን ልጆች እሱን ስንሰማ እናታችን መነሣቷን እናውቃለን፣ ጨዋታችንን ትተን እግሬ አውጪኝ እንላለን። እናቴ ‹ያንን በር ዘይት አስነካው› ስትል አባቴ ‹ነገ› ሲል፣ ነገ ሲል፣ ሳያስነካው ሞተ። አሁን ያ በር ሲጥጥ ቢልልኝ ምን እሰጥ ነበር።»

ፌንጣ ሳቀች። ትልቋ እማማ እንዲህ ሲያወሩ ደስ ይላታል፤ ያላየችው ቤት ይናፍቃታል። በደፉ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጣለች፣ በሩ ግን ድምፅ እንደነበረው ማንም ነግሯት አያውቅም።

«ለቲቸር የማሳየው ነገር አለኝ» አሉ ትልቋ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወይራው ሥር ያሉትን ወንዶቹ አያውቋቸውም። ከሴቶቹ ደግሞ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

የፌንጣ እጅ ጥፍር መቁረጫውን እንደያዘ ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው ያለው?»

«አምስት ድንጋይ። ጨቅላ ሲሞት አይጻፍለትም ነበር፤ ወንዶቹ ለትልቅ ሰው ነው የሚቀርጹት። ስለዚህ በኛ ቤት እናትየዋ ራሷ ወንዝ ትወርድና አንድ ድንጋይ መርጣ በእጇ ተሸክማ ታወጣለች። ማንም አያግዛትም። ከወይራው ወዲህ ሁለቱ የእናቴ ናቸው። ከኔ ወዲያ ያሉት ሁለቱ የአያትሽ ናቸው፣ የአባትሽ ታላላቆች። ሦስተኛዋ የኔ ናት።»

ትልቋ እማማ ቀጠሉ።

«የመጀመሪያዬን ልወልድ እናቴ ቤት መጥቼ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ኖረችልኝ። አራስ ነኝ፣ እግሬ ይብረከረካል፤ ያንን ዳገት ሦስት ጊዜ አርፌ ነው የጨረስኩት። ከዚያ በኋላ ስድስት ወልጃለሁ፣ ሁሉም በሕይወት አሉ፣ ተመስገን። የመጀመሪያዋ ግን ያቺ ናት። ስም አውጥቼላት ነበር፣ ለአባቷ እንኳ አልነገርኩትም። ቅዳሜ ለቲቸር እነግረዋለሁ፣ ካርታው ላይ ይጻፍልኝ። ያኔ እኔም ባልፍ እሷ ጠፍታ አትቀርም።» ሌላውን እግራቸውን ከውሃው አወጡ። «ምነው ዝም አልሽ? ቆረጥሽኝ እንዴ?»

«አይ፣ አልቆረጥኩዎትም» አለች ፌንጣ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ዲጄን ከጓደኞቹ መሐል ጎትታ አወጣችውና ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሁሉንም ነገረችው። ዲጄ እንደ ልማዱ ሊቀልድ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚናገረው ሲጠፋው ያየችው።

«ለማን ነግረሻል?» አለ በመጨረሻ።

«ለማንም።»

«ጎበዝ። አትንገሪ።»

«እንዴት አልናገርም? መቃብር እኮ ነው ያፈረስነው!»

«ስሚኝ። ብትናገሪ ምን ይሆናል? አጎትሽ ሦስት ቅዳሜ የለፋበትን ካብ ያፈርሳል። ቲቸር ዓይናችንን ማየት ይጠላል። እሱን ተዪው፣ ትልቋ እማማስ? በናትሽ፣ በዚህ ዕድሜያቸው! ልባቸው ቢቆምስ?» ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ነገ ወንዝ እንውረድ። አምስት ድንጋይ እናመጣና መልሰን እንደረድራለን። እሳቸው አያዩም። ይዳስሳሉ፣ ደስ ይላቸዋል፣ ስሟ ይጻፋል፣ አለቀ። ማን ተጎዳ?»

የዲጄ ነገር ክፋቱ ይሄ ነው፤ ውሸቱ ሁልጊዜ ደግነት ለብሶ ነው የሚመጣው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ እሷም በጣም ፈርታ ነበር።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወረዱ። ድንጋይ መምረጥ ቀላል መስሏቸው ነበር፣ ግን አንዱ ሲበዛ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ሲበዛ ትልቅ እየሆነ ብዙ ደከሙ። ዳገቱን ሲወጡ ፌንጣ የድርሻዋን ድንጋዮች ደረቷ ላይ አቅፋ ሁለት ጊዜ አረፈች። ትልቋ እማማ ሦስት ጊዜ ማለታቸው ትዝ አላት። ወይራው ሥር ሲደርሱ ሣሩ የት ጋ እንደተጫነ መለየት አልቻሉም፤ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ስለነበር ሁሉም ቀና ብሏል። ዲጄ በግምት ደረደራቸው፣ ጭቃ ቀባባቸው፣ ትንሽ ራቅ ብሎ አየና «አሪፍ ነው፣ መቶ ዓመት የኖሩ ይመስላሉ» አለ። በእርግጥም ይመስሉ ነበር።

ቅዳሜ ትልቋ እማማ በወንበራቸው ተቀምጠው ኮረብታውን ወጡ። አባቷን ከፊት እንዳያደርጉት ብዙ ተከራከሩ፣ አልተሳካላቸውም። አጎቷ ካቡን ጨርሶ በሩን ሊሰቅል ነበርና መዶሻውን ጥሎ ሊቀበላቸው ወረደ።

«አንተ ነህ ግንበኛው?» አሉት። «አስነካኝ እስቲ፣ አጥርህን።»

ወንበሩን አስጠጉላቸውና ካቡን በመዳፋቸው ዳበሱት። «እሰይ፣ እጅህ ይባረክ። አሁን ከብት አይረግጣቸውም።» አጎቷ፣ ያ ሰው ሲያመሰግነው የሚቀልደው፣ ምስጋናው ነክቶት ዓይኑን ወደ ዛፉ አዞረ። የትልቋ እማማ መዳፍ ከአምስቱ ድንጋዮች በአንድ ስንዝር ርቆ ነበር ያረፈው።

ከዚያ ወይራው ሥር ወሰዷቸው። ቲቸር ካርታውን በሰሌዳ ላይ ወጥሮ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ አጠገባቸው ተንበረከከ።

«አንተ ልጅ፣ ቀርበሃል?» አሉት። ቲቸር ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

«ቀርቤያለሁ፣ እማማ።»

ከወንበራቸው ወርደው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አንደኛዋን ዳበሱ፣ «የእናቴ»፤ ሁለተኛዋን ዳበሱ፣ «ይቺም የእናቴ።» ሦስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ሁለቱንም እጃቸውን አሳረፉባት። ዲጄ በሩቁ ለፌንጣ ራሱን ነቀነቀላት፣ «አየሽ?» እንደማለት።

አዎ፣ ተሳክቶ ነበር። ፌንጣ ለአፍታ እፎይ ልትል ደረሰች።

የትልቋ እማማ ጣቶች ግን አልቆሙም። ድንጋዩን ከላይ ዳሰሱት፣ ከጎን ዳሰሱት፣ እንደገና ከላይ። «ጎኗ ላይ ጎድጎድ ያለች ነገር ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። «አውራ ጣቴ የምትገባባት። ዳገቱን ስወጣ በሷ ነበር የያዝኳት።» ዞር አድርገው ፈለጉ። «የታለች? ዝናቡ ይሆን እንዴ የሞላት?» ቀጥለው አንገታቸውን ሰበሩ። «አይ፣ እኔ ነኝ። ሌላ ነገር ነው የማስበው። እርጅና መጥፎ ነው፣ የገዛ ልጄን ድንጋይ ረሳሁ።»

ፌንጣ ያቺን ጉድጓድ ታውቃታለች። የዛሬ ሳምንት ወደ አጎቷ ስትሮጥ አውራ ጣቷ ገብታባት ነበር፣ ለመያዝ ስላመቻት ደስ ብሏት ነበር። ትልቋ እማማ ምንም አልረሱም። ስድሳ ዓመት ሙሉ በጣታቸው ይዘው የቆዩትን እሷና ዲጄ በአንድ ቀን እያስረሷቸው ነው።

ትልቋ እማማ ወደ ቲቸር ጆሮ ጎንበስ አሉና የልጃቸውን ስም ነገሩት። ቲቸር ራሱን ነቅንቆ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።

«ቲቸር፣ አይጻፉ!» አለች ፌንጣ።

ሁሉም ዞሮ አያት። መጥታ ትልቋ እማማ ፊት ተንበረከከች።

«እርስዎ አልረሱም። ድንጋይዋ ይቺ አይደለችም። አምስቱንም ባለፈው ቅዳሜ እኔ አንሥቼ ለካብ ሰጠሁ። መደርደራቸውን አይቼ ነበር፣ ግን አነሣሁ። እነዚህን ደግሞ ትናንት ከወንዝ አመጣናቸው፣ እንዳያውቁ ብለን።»

«ሁለታችን ነን ያነሣናቸው» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ዲጄ ነው፣ ጫማውን እያየ። «እኔም ነበርኩ።»

አጎቷ ወደ ካቡ ዞረ። የማን ድንጋይ እንደሆነ ሳያውቅ በኩራት ያስገባቸው አምስቱ በሩ አጠገብ በግልጽ ይታያሉ። እጁን የሚጠርግበትን ጨርቅ ጨመቀው።

ትልቋ እማማ እጃቸውን ከድንጋዩ ላይ አነሡ። ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉት።

«ከየት ላይ ነው ያነሣሽው?» አሉ። «ቦታውን አሳዪኝ።»

ፌንጣ ተነሣችና በሣሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች። ዲጄ በዓይኑ «አንዱን በይ» ይላታል። አንድ ቦታ ላይ ጣቷን ብትቀስር ማን ያውቃል? ሁሉም አፏን ያያል። ቆማ አሰበች፣ ፈለገች፣ ተመልሳ መጣች።

«እዚህ ጋ ነው ብልዎት ውሸቴን ነው። አላውቅም።»

ትልቋ እማማ እጃቸውን ለፌንጣ አባት ዘረጉ። «ከግንዱ ጋ አድርሰኝ።»

ደግፎ ወሰዳቸው። ጀርባቸውን ለወይራው ሰጥተው ተቀመጡና እግራቸውን ቀስ እያሉ ዘረጉ። «ማንም በሌለበት ሰዓት እየመጣሁ እንዲህ ነበር የምቀመጠው። ተረከዜ የእናቴን ሁለተኛዋን ይነካል። ከሷ አንድ ክንድ አልፎ የኔዋ። ለካው፣ አንተ ልጅ።»

ቲቸር ሜትሩን ዘርግቶ ለካ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ በስድሳ ዓመት ዛፉ ወፍሯል። እርስዎም ትንሽ ሳያጥሩ አይቀሩም። አንድ ሁለት ስንዝር ልንሳሳት እንችላለን።»

«ካርታህ ላይ እሱንም ጻፈው። ‹በስንዝር ልንሳሳት እንችላለን› ብለህ ጻፍ። እውነት እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም።»

ቲቸር ጻፈ። ስሙንም ጻፈ። ፌንጣ ሰሌዳውን አላየችም፤ ለማየት መብት ያላት አልመሰላትም።

«ትልቋ እማማ...» ብላ ጀመረች።

«አንቺን ዛሬ ላናግርሽ አልፈልግም» አሉ። ቁጣቸው ጩኸት የለውም፣ ግን ቁጣ ነው። «ተናድጃለሁ። ረቡዕ ነይ።»

ፌንጣ ዕንባዋን በክንዷ ጠርጋ ወደ በሩ ሄደች። አጎቷ ቀድሟት ደርሶ ከመሣሪያ ሳጥኑ መሮና መዶሻ አውጥቷል። ካቡን ከላይ እስከ ታች አየው። አምስቱን ለማውጣት ቢያንስ ከላያቸው ያለው መነሣት አለበት፤ ያ ማለት የሦስተኛው ቅዳሜ ሥራ እንዳለ ይፈርሳል። ሲሚንቶውም ጠንክሯል። ደግሞ ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለ፣ ነገ ቀኑን ሙሉ ልታጠና አስባ ነበር።

«ስጠኝ» አለችው።

«ከባድ ነው፣ ፌንጣ። እኔ ላድርገው፣ ቶሎ ይወጣል።»

«እኔ ነኝ ያመጣኋቸው።»

አጎቷ ትንሽ አያትና መሮውን መዳፏ ላይ አኖረላት። አያያዙን አስተካከለላት፣ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ አለ። ዲጄ መጥቶ ፍርስራሹን ሊቀበላት ጋሪውን አስጠጋ፤ ለዛሬ ቀልድ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ምት እስከ ወይራው ተሰማ።

«ልጄ!» ሲሉ ትልቋ እማማ ከዛፉ ሥር ተጣሩ። ፌንጣ መዶሻውን አየር ላይ እንደያዘች ቆመች።

«እሷ ጋ ስትደርሺ ቀስ በዪ።»

«እሺ» አለች ፌንጣ፣ መዶሻውን አስቀምጣ ከላይኛው ድንጋይ ዙሪያ ያለውን ሲሚንቶ በመሮው ጫፍ ጥቂት በጥቂት ትፍቀው ጀመር።